ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፦ ለሕፃናት የሠራሁት የመጀመሪያ ፕሮግራም

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለሕፃናት ፊደል ማስተማሪያ የሚሆን ቀላል የሞባይል ፕሮግራም ስሠራ ያጋጠመኝን ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ለማካፈል እወዳለሁ። ፕሮግራሚንግ የጀመርኩት አምና ስለሆነ ጽሑፉ በተለይ እንደ እኔ ላሉ ጀማሪዎች ነው።

መነሻዬ የእህቴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 3 ዓመት ሲሆን የምንኖረው ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች ነው። እናቷ ሥራ ሲበዛባት ስልኳን ትሰጣታለች። አንድ ቀን "ዝም ብላ ከምታፈጥበት ፊደል እንኳ ብታይበት" አለችኝ። እኔም "ይኼማ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው" ብዬ ቃል ገባሁ።

1. ፊደሉን በሉፕ ማውጣት

231ዱን ፊደል አንድ በአንድ ከመጻፍ በኮዳቸው መጥራት ይቀላል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው ተራውን ይዞ ነው። ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። ለአንድ ቤት 8 ቦታ ስለተያዘለት ለ 4616 ላይ ይጀምራል። 7ቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲሆኑ 8ኛው እንደ ሏ ላሉት ዲቃላዎች ነው። ስለዚህ በ8 እየዘለለ ሰባት ሰባት የሚያወጣ ሉፕ ጻፍኩ።

እስከ ቀ ድረስ በደንብ ሠራ። ከዚያ በ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ቈ መጣ፤ 4681 ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ወጣ። ለካ ሠንጠረዡ ለአማርኛ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። በቀ እና በበ መካከል የትግርኛው ቐ እና ዲቃላዎች አሉ፤ ባዶው ሳጥንም ፊደል ያልተመደበበት ቦታ ነው። መፍትሔው የ33ቱን ቤቶች መነሻ ቁጥር በአሬይ መዝግቦ ከ0 እስከ 6 መደመር ሆነ።

2. ዋናው ስሕተት

ፕሮግራሙ ፊደል ያሳያል፣ ድምፁን ያሰማል፣ ሲነኩት ወደሚቀጥለው ያልፋል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልጅቷ ሀሁን እንደ ዘፈን ታንበለብለው ጀመር። እናቷም ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

አንድ እሑድ ማርያም ተሳልመን ስንመለስ ሕፃናት የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ዘንድ ይዘናት ሄድን። አስወረዷት፤ ወረደችው። ከዚያ በስንደዶ ከገበታው መሐል ሙን ነክተው "ይቺስ ማናት?" አሏት። "ሀ" አለች። ሶን ነኩ። አሁንም "ሀ"። የኔታ ሳቅ ብለው "ልጄ፣ የተማረው ጆሮዋ ነው፤ ዓይኗ ገና ነው" አሉኝ። አፈርኩ። ኮዴ አንድም ስሕተት አልነበረበትም፣ ልጅቷ ግን አንድም ፊደል አልለየችም።

3. ከአቡጊዳ የተገኘ ዘዴ

በቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ አለ፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቤቱም ድምፁም በየፊደሉ ስለሚለዋወጥ በቃል የያዘ ልጅ እዚያ ይያዛል። በኮድ ሲታይ ደግሞ ቀላል ነው፦ ቤቶቹን በአቡጊዳ ተራ ደርድሮ፣ ተራ ቁጥሩ ለ7 ሲካፈል የሚተርፈውን መደመር ነው። አ 4768+0፣ ቡ 4704+1፣ ጊ 4872+2 ይሆናል።

ነገር ግን አቡጊዳም ሲደጋገም ዘፈን ይሆናል። ስለዚህ ሐሳቡን ብቻ ወሰድኩ። አሁን ፕሮግራሙ 3 ፊደል በዘፈቀደ ያሳይና አንዱን ይጠራል፤ ልጅ የተጠራውን ይነካል። ከተሳሳተ ድምፁ ይደገማል እንጂ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። እንደ ሰ እና ሸ ያሉ ተመሳሳዮች መጀመሪያ ላይ አብረው አይመጡም። ሕፃን በመዳፉ ሙሉ ስለሚመታ ፊደሎቹን አተለቅሁ፣ ሌላውን በተን ሁሉ አጠፋሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት የስክሪን ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ስለመከረ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይዘጋል።

ዛሬ ልጅቷ 9 ፊደል ከየትም ቢጠይቋት ትለያለች። እህቴ ግን "ድሮ ሁሉንም ታውቅ ነበር እኮ፣ አበላሸህባት!" ትለኛለች።

ጓዶች፣ ፕሮግራም መሥራቱና ልጅ መማሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ኮምፒውተሩ ይነግራችኋል። ሁለተኛውን ለማወቅ ግን እንደ የኔታ ከመሐል መጠየቅ ያስፈልጋል።