ከፋሲካ ምሳ በኋላ ለምን ያልበናል?

የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። በይፋግና በአካባቢው የሚጾም ገበሬ እስከ ፋሲካ ድረስ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል አይቀምስም። ፋሲካ ሲደርስ ግን ዶሮው፣ በጉ፣ ቅርጫው በአንድ ቀን ይመጣል። በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ ይውላል። ሚያዝያ ደግሞ የፎገራ ሜዳና ዙሪያው የሚግልበት ወር ነው። ሰው ጠግቦ ሲነሣ ገላው ይሞቃል፤ ያልበዋልም። ለምን?

ምግብ ሆድ ከገባ በኋላ ሰውነት ለመፍጨት ይሠራል። ሥራ ሙቀት ያወጣል። በሬ ሲያርስ ገላው ይግል የለ? እንደዚያ ነው። ግን ሁሉም ምግብ እኩል አያሠራም። ሥጋ፣ ዕንቁላልና ባቄላ ገንቢ ምግብ ናቸው። ከገንቢ ምግብ ከሚገኘው ጉልበት ከመቶው ከ20 እስከ 30 እጁ እዚያው በመፍጨት ያልቃል፤ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እንደ እንጀራ ካለው ኃይል ሰጪ ምግብ ግን ከ5 እስከ 10 እጁ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚያሞቀው ቅቤው ይመስለዋል። ቅቤ ከሁሉም ያነሰ ነው።

ሙቀቱ ሲበዛ ሰውነት ላብ ያወጣል። ላቡ ከቆዳ ላይ ሲተን ገላን ያቀዘቅዛል። የሸክላ እንስራም በውጭ እያላበው አይደል ውሃውን የሚያቀዘቅዝ?

ሚጥሚጣ ሲበላ ወዲያው ግንባርን የሚያልበው ሌላ ነው። ማቃጠሉ ምላስን ያታልላል እንጂ ገላ አልጋለም።

ጠግቦ ወዲያው ፀሐይ ላይ መሥራት ሙቀት በሙቀት ላይ መጨመር ነው። ጥቂት ጥላ ሥር ማረፍ ይሻላል። ንጹሕ ውሃ ጠጡ። አረቄ ሽንት ያበዛል እንጂ ውሃ አይተካም።

አሁን ዋናውን ልብ በሉ። በጤና ጊዜ የገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ምግብ ይህን ከፍ የሚያደርገው በጥቂቱ ነው፤ በጥቂት ሰዓትም ያልፋል። ብርድ ብርድ አይልም፤ አያንቀጠቅጥም። ብርድ ብርድ ብሎ፣ አንቀጥቅጦ፣ ገላ ግሎ ከዚያ ካላበ ግን ወባ ሊሆን ይችላል። ሲያልበው ቀለል ስለሚለው «ሥጋው ነበር» ብሎ የሚተኛ ሰው አለ። ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነት ከከሳ፣ በግራ በኩል ከጎድን ሥር ሆድ ካበጠ ደግሞ ካላዛር ይጠረጠራል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር መግባቱ ሲታወቅ፣ ብዙዎቹ በሽተኞች አስቀድሞ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ይዟቸዋል ተብሎ ነበር። ሁለቱም የሚለዩት በምርመራ ነው፤ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።