ዘፈን ሲረክስ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ተደጋጋፊ ሸቀጦች የሚባሉ አሉ። ቡናና ስኳር እንዲህ ናቸው፤ የአንዱ ዋጋ ሲወርድ የሌላው ፈላጊ ይበዛል። ዘፈንና የዘፈን ማጫወቻም ከዚሁ ይመደባሉ።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሀገር ፍቅርን ብቸኛ ሸክላ የማሳተም መብት ተጋፍቶ አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት፣ ሸክላው የሚታተመው ውጭ አገር፣ መጀመሪያም ሕንድ ነበር። ሸክላውም ማጫወቻውም ውድ በመሆናቸው ገበያው በአብዛኛው የከተሜ ሆኖ ቆየ። መካነ ሰላምን፣ ወግዲንና አካባቢያቸውን ለመሰለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ገጠር የተመቸው ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት ነው። ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት አይጠብቅም። አምባሰሉም መንዙማውም በካሴት ተዳረሰ። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዳ አሳታሚው ቢከስርም፣ ቀድቶ የወሰደው ሰው ለባትሪ ድንጋይ ሱቅ መመለሱ አይቀርም።

የዋናውን ካሴት ዋጋ ደግፎ ያቆመው ጥራት ነበር። ካሴት በተቀዳ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል፣ ድምፁ ይደበዝዛል፤ ጆሮ ያለው ሰው ለዋናው ጨምሮ ይከፍላል። ኤምፒስሪ ሲመጣ ይህ ልዩነት ጠፋ፤ የፋይል ቅጂ ከተቀዳበት ፋይል አያንስም። በተለመደው አጫጫን አንድ ደቂቃ ሙዚቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ይይዛል። የ60 ደቂቃ ካሴት 15 ያህል ዘፈን ሲችል፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ 1,000 ያህል ይችላል። የሺህ ዘፈን ዋጋ የሜሞሪው ዋጋ ሆነ ማለት ነው።

ሙዚቃ ቤቱን የተካው ዘፈን የሚጭነው ሞባይል ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በሜሞሪ የተቀመጠ ዘፈን ዋጋው የታየው ያኔ ነው። ይሁንና ያለ ፈቃድ ጭኖ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል። ነጋዴው ያለ ሥጋት የሚያተርፈው ከኤርፎን፣ ከስፒከርና ከፓወር ባንክ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ወክማንን ሲያወጣ ማዳመጥን የግል አደረገው። አንድ ቴፕ ለቤተሰብ ይበቃ ነበር፤ ኤርፎን ግን በነፍስ ወከፍ ይገዛል፣ ቶሎም ይበጠሳል!

አሮጌው ሸክላ ግን በተቃራኒው እየተወደደ ሄዷል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ያስጀመረው ኢትዮፒክስ የተሰኘ ተከታታይ ሲዲ የውጭ ሰብሳቢዎችን ቀሰቀሰ፤ የዘመኑ ዋና እትሞች በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ሲሸጡ ታይተዋል። የመጀመሪያው እትም ከእንግዲህ አይጨመርም፤ ፈላጊው ግን በዝቷል። ዋጋውን የሚወስነው ጭረቱና ሽፋኑ ስለሆነ፣ በመጋዘን ሸክላ ያለው ሰው ከፀሐይ አርቆ በቁሙ ሊደረድረው ይገባል፤ ተደራርቦ የተኛ ይጣመማል።