አንድ የክረምት ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ከኅብረተሰብ ትምህርት ጋር የተያያዘ ጽሑፍ ነው። ግን ከመጽሐፍ አልገለበጥኩትም፤ በእግሬ ሄጄ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

በመጀመሪያ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልናገር። አምና ስድስተኛ ክፍል እያለን በፈተና ላይ «የካቲት 12 ለምን ይታሰባል?» የሚል ጥያቄ መጣ። የኔ ቤት ስድስት ኪሎ ነው፤ የተወለድኩትም የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። ስለዚህ ምንም ሳላስብ «ሆስፒታሉ የተከፈተበት ቀን ስለሆነ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ቤት ሄጄ ለአያቴ ሳነብላቸው ግን እሳቸው አልሳቁም። ዝም ብለው ቆዩና «ክረምት ይምጣ፤ አንድ ቅዳሜ ይዤህ እወጣለሁ» አሉኝ።

ያ ቅዳሜ ነሐሴ ላይ መጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጣች። አያቴ ነጠላቸውን ለብሰው ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ ከፊት፣ እኔና የአምስት ዓመቷ እህቴ ከኋላ ሆነን ከቤት ወጣን።

1ኛ. የካቲት 12 አደባባይ

በዚህ አደባባይ በየቀኑ አልፋለሁ፤ ቆሜ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። መሀሉ ላይ ረጅም የሰማዕታት ሐውልት አለ። ሐውልቱ ላይ በጅምላ የተገደሉ ሰዎች ምስል ተቀርጿል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ የሚባለው የጣሊያን እንደራሴ ለድሆች ገንዘብ ሊያድል ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ጀግኖች ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ፋሽስቶች ለሦስት ቀን የአዲስ አበባን ሕዝብ ጨፈጨፉ፤ ቤቶችንም አቃጠሉ። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያስታወቀው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው።

አያቴ ሐውልቱን ቀና ብለው እያዩ እንዲህ አሉኝ፦ «እናቴ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ከብቶቹን አስገብቼ መጣሁ ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። መቃብሩ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ልታለቅስለት የምትመጣው እዚህ ነበር።»

የፈተና ወረቀቴ ትዝ አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። አያቴም ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አለማወቅ ነውር አይደለም ልጄ፤ አለመጠየቅ ነው» አሉኝ።

2ኛ. ገነተ ልዑል

ቦምቡ የተወረወረው ከአደባባዩ አጠገብ ባለው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ነው፤ በውስጡም ሙዚየም አለ። ከሕንጻው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አየን። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሎኒ በሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይወክላል። አሁን ግን ከጫፉ ላይ ትንሽ የአንበሳ ሐውልት ተቀምጧል። እህቴ «አንበሳው አሸነፈ!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው።

3ኛ. ብሔራዊ ሙዚየም

ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ ብሔራዊ ሙዚየምን አገኘን። እዚያ ያለችው ድንቅነሽ (ሉሲ) ናት። አጽሟ የተገኘው በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባል ቦታ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ቁመቷ ደግሞ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። እህቴን ከቆመው ቅጂ አጽም ጎን አቁሜ ለካኋት፤ ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸው! እህቴ «እሷም አምስት ዓመቷ ነው?» ስትል አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ድንቅነሽ ግን ልጅ አልነበረችም፤ ትልቅ ሰው ሆና ነው የሞተችው።

4ኛ. አራት ኪሎ

የጉዟችን መጨረሻ የሚያዝያ 27 አደባባይ ነበር። ቀኑን ልብ በሉ! የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በሒሳብ 1933 – 1928 = 5 ዓመት፤ ቀኑ ግን ያው ነው። አያቴ «እላይ ያለው ሐውልት የሐዘን ነው፤ ታች ያለው የደስታ ነው። በመሀል ያለውን መንገድ ነው ዛሬ የሄድነው» አሉ።

ከዚያ የተጠበሰ በቆሎ ገዙልንና ጥግ ይዘን በላን። ሰማዩ ጠቆር ሲል ወደ ቤት ለመመለስ ታክሲ ያዝን። ወያላው «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያለ ይጣራል። ስሙን ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን እንደ አዲስ ሰማሁት።

ማጠቃለያ

ውድ ጓደኞቼ፣ በየሰፈራችን ያሉ አደባባዮች፣ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ስም አላቸው። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ውጡና «ይሄ ለምን እንዲህ ተባለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አያቶቻችን እያሉልን እንጠይቅ።

የክለሳ ጥያቄዎች

ሀ. በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እነማን ናቸው?
ለ. ሚያዝያ 27 በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. ምን ሆነ?
ሐ. የእናንተ ሰፈር ስም ከየት መጣ?

የ«ሀ» እና የ«ለ» መልስ እዚሁ ጽሑፍ ውስጥ አለ። የ«ሐ»ን መልስ ግን እኔም አላውቀውም፤ ጠይቃችሁ ጻፉና በሚኒ ሚዲያ ክበባችን ሳጥን ውስጥ አስገቡልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!