“ሊሆን ይችላል” የምትለዋ ቃል የት ገባች?

በዜና አጻጻፍ ትምህርት ላይ የልምምድ ዜና ስንሠራ እኔ “የኤች አይ ቪ ክትባት ተገኘ” የሚል ርዕስ ሰጥቼ አስረከብኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ “ክትባት” በሚለው ቃል ሥር ቀይ መስመር አስምረው “ማን አለ?” ብለው ጽፈውበታል። እውነትም ማንም አላለም! ምንጬ የሚለው “መርፌ” ነበር፤ ክትባት ያደረግኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ የሳይንስ ዜና ሳነብ ቃላቱን መመርመር ጀመርኩ። እስቲ ከሦስት ዘርፎች ሦስት ምሳሌዎችን እንይ።

የመጀመሪያው ያው የእኔው መርፌ ነው። ስሙ ሌናካፓቪር ይባላል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው ጥናት፣ በየስድስት ወሩ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች መካከል አንዷም በቫይረሱ አልተያዘችም። በየቀኑ የሚዋጡ ሁለት ዓይነት ኪኒኖች ከተሰጧቸው በድምሩ 3,204 ሴቶች መካከል ግን 55ቱ ተይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 መርፌው ለመከላከያነት እንዲውል መክሯል። ድንቅ ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ክትባት ሰውነታችን ራሱ ቫይረሱን እንዲዋጋ ያሠለጥናል፤ ይሄኛው ግን ቫይረሱ እንዳይራባ የሚያግድ መድኃኒት ስለሆነ ጊዜው ሲደርስ መደገም አለበት። “መድኃኒት” የሚለው ቃልም ቢሆን ወጥመድ አለው። እኛ አገር “የኤድስ መድኃኒት ተገኘ” ከተባለ ሰሚው የሚረዳው “ፈዋሽ ተገኘ” ብሎ ነው። ይህን ሰምቶ የጀመረውን ኪኒን የሚያቆም ሰው ቢኖርስ? “በየስድስት ወሩ የሚወሰድ መከላከያ መርፌ” ብንል ምን ይጎዳናል? ርዕሱ ትንሽ ቢረዝም ነው።

ሁለተኛው ከቁሳቁስ ምህንድስና ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ኤልኬ-99 ብለው የሰየሙት፣ ከእርሳስና ከመዳብ ውሕዶች የተሠራ ቁስ በተራ የክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት ያስተላልፋል ብለው ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ ገና በሌሎች ባለሙያዎች አልተገመገመም ነበር። ዓለም ግን ጮኸ። በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ቁሱን ራሳቸው ሠርተው ሲፈትሹት፣ ያ ሁሉ ተስፋ የተጣለበት የኤሌክትሪክ እንቅፋት መቀነስ የመጣው ውስጡ ተቀላቅሎ ከቀረ የመዳብና የድኝ ውሕድ መሆኑን ደረሱበት። ንጹሑ ቁስማ ጭራሽ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሆነ። ወሬው ከተነሳ አንድ ወር እንኳን ሳይሞላው ረገበ። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ማለት ይሄ ነው።

ሦስተኛው ወደ ማርስ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ፣ ፐርሲቪራንስ፣ በ2024 የነብር ቆዳ የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ አገኘች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በታተመው ጥናት መሠረት በነጠብጣቦቹ ውስጥ የታዩት የብረት ማዕድናት እዚህ ምድር ላይ ብዙ ጊዜ ከረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ጋር ይያያዛሉ። ያለ ሕይወትም ግን ሊፈጠሩ ይችላሉ። ተመራማሪዎቹ ያሉት “የሕይወት ምልክት ሊሆን ይችላል” ነው። “በማርስ ሕይወት ተገኘ” ብሎ የጻፈ ሰው “ሊሆን ይችላል”ን ቆርጦ ጣለ ማለት ነው፤ ከዜናው ውስጥ ደግሞ ዋናዋ ቃል እሷ ነበረች።

እንግዲህ ሦስቱን ስናስተያይ፣ መርፌው እውነት ሆኖ ሳለ ስሙ ተሳሳተ፤ ቁሱ ሳይረጋገጥ ተወራ፤ ድንጋዩ ደግሞ ገና ጥያቄ ነው። ሦስቱንም “ተገኘ” በሚል አንድ ግሥ መጻፍ አንባቢን ማታለል ነው። “ጠቆመ”፣ “ተገመተ”፣ “ተረጋገጠ” የሚሉ ግሦች አሉን፤ ደረጃቸውም ለየቅል ነው። ስለዚህ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ብዕራችንን ከማንሳታችን በፊት ሦስት ነገር ብንጠይቅ ጥሩ ነው፦ ማን አለ? በምን ያህል ሰው ወይም ናሙና ላይ ተሞከረ? ሌላ ሰው ደግሞ ሠርቶት ያንኑ ውጤት አገኘ ወይ?

እኔ እንኳን በዚያች ቀይ መስመር ተምሬያለሁ። የአየር ላይ ዜና ግን ቀይ መስመር የሚያሰምርለት የለውም፤ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።