አልለቅ ያለ ፍሬን፤ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ በሚያገለግሉ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የካሊፐር መጣበቅ፣ ምርመራውና ጥገናው

አጠቃሎ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አምራች አካባቢዎች በሚያገለግሉ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚታየውን የዲስክ ፍሬን አለመልቀቅ ችግር ከመንስኤው መመርመር ነው። ጽሑፉ ሦስት ነጥቦችን ያነሳል። አንደኛ፣ ችግሩ ካሊፐሩ ላይ ቢታይም ምንጩ ሁልጊዜ ካሊፐሩ አይደለም። ሁለተኛ፣ የአካባቢው እርጥበት፣ ጭቃና ቁልቁለት ችግሩን ያፋጥናሉ፤ አደጋውንም ያባብሳሉ። ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ምርመራ በቀላል መሣሪያ ሊከናወን የሚችል ሲሆን ያለ አግባብ የሚገዛ መለዋወጫን ያስቀራል።

መግቢያ

ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ከጅማ ተነሥቶ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ ይወጣል፤ ከዚያም በደን በተሸፈኑ ኮረብታዎች መካከል እየወጣና እየወረደ ወደ ሚዛን ያመራል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ በበቃና ወደ ቴፒ የቡና እርሻዎች ወይም ወደ ገበሬው ማሳ የሚገባ ተሽከርካሪ ደግሞ የአካባቢውን ቀይ ሸክላማ አፈር ይጋፈጣል። ይህ አፈር በበጋ ደቃቅ አቧራ፣ በክረምት የሚጣበቅ ጭቃ ነው። ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ በመሆኑ የተሽከርካሪ ታችኛው ክፍል በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

በዚህ ላይ የተሽከርካሪዎቹ ዕድሜ ይጨመራል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው በመንገድ ላይ ያለው አሮጌ ኮሮላ፣ ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር በቶሎ የሚተካ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ የጥገና ጥራት የባለንብረቱ ወጪ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመንገድ ደኅንነት ጥያቄም ይሆናል።

የአሠራሩ መሠረት

በዲስክ ፍሬን ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ማስተር ሲሊንደሩ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፤ የዘይቱ ግፊት የካሊፐሩን ፒስተን ያንቀሳቅሳል፤ ፒስተኑም የፍሬን ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ፒስተኑን የሚመልስ ሞላ አለመኖሩን ልብ ይሏል። ፒስተኑን የሚመልሰው በዙሪያው ያለው ባለ አራት ማዕዘን የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ፍሬኑ ሲያዝ ከፒስተኑ ጋር ይለጠጣል፤ ግፊቱ ሲወገድ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ወደ ኋላ ይስባል። ተንሸራታች በሆነው ካሊፐር ደግሞ አካሉ በሁለት ፒኖች ላይ በነፃነት መንቀሳቀስ ይኖርበታል፤ ይህ ካልሆነ ከፒስተኑ ተቃራኒ ያለው ሸራ ዲስኩን አይለቅም።

እንግዲህ የፍሬኑ መልቀቅ የተመሠረተው በዚህች ጥቂት የጎማ መለጠጥ ላይ ነው። በፒስተኑ ላይ ያለ ቀጭን ዝገት፣ በሸራው ጆሮ ላይ የደረቀ ጭቃ ወይም በመስመሩ ውስጥ የቀረ አነስተኛ ግፊት ይህን ኃይል ለማሸነፍ ይበቃል።

የአካባቢው ተጽዕኖ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተዘጋጁ የጥገና መጻሕፍት የካሊፐርን ዝገት ብዙውን ጊዜ በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ከሚበተን ጨው ጋር ያያይዙታል። በሚዛንና በቴፒ መንገዶች ላይ ጨው አይበተንም፤ ዝገቱ ግን አለ። እዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከውጭ የሚገባ ነው፤ የፒስተኑ የአቧራ መከላከያ ጎማ ሲቀደድ ጭቃና ውኃ ይገባና የፒስተኑን ልባስ ያበላሻል። ሁለተኛው ከውስጥ የሚመጣ ነው፤ የተለመደው የፍሬን ዘይት በባሕርዩ እርጥበትን ከአየር ይስባል። ዘይቱ ለዓመታት ሳይቀየር ሲቆይ የተጠራቀመው ውኃ ከውስጥ በኩል ሲሊንደሩን ያዝገዋል።

ይኸው ውኃ የዘይቱን የመፍያ ነጥብ ያወርደዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚታወቀው መለኪያ መሠረት ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊፈላ አይገባውም፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቀው ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ ፍሬኑም አይዝም።

የሙቀቱን መጠን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በአንድ የፊት ጎማ ላይ ያልለቀቀው ፍሬን 20 ኒውተን ሜትር የሚሆን የመጎተት ኃይል አለው፤ የጎማው ሬዲየስም 0.3 ሜትር ነው እንበል። ይህ ተሽከርካሪውን ወደ ኋላ የሚጎትት 67 ኒውተን ያህል ኃይል ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 1.1 ኪሎ ዋት የሚሆን ሙቀት በዚያ ጎማ ላይ ብቻ ይፈጠራል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 4 ሜጋ ጁል ይደርሳል። በአንጻሩ 1200 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል የ500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጠቅላላ ጉልበት 5.9 ሜጋ ጁል ገደማ ነው፤ ይህም ለአራቱ ጎማዎች፣ ለሞተሩና ለአየሩ የሚከፋፈል ነው። በሜዳ ላይ የሚነፍሰው አየር ሙቀቱን በከፊል ቢወስደውም አልለቅ ያለው ፍሬን ገና ወደ ጎጀብ ቁልቁለት ሳይደርስ ሞቆ ይጠብቃል። በተጨማሪም 67 ኒውተን በአስፋልት ላይ ያ አውቶሞቢል ከሚገጥመው የጎማ ተንከባላይ ተቃውሞ ግማሽ ገደማ በመሆኑ የነዳጅ ፍጆታውን ከፍ ያደርገዋል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

የተለመዱት ምልክቶች የአንድ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ መጋል፣ የቃጠሎ ሽታ፣ መሪው ወደ አንድ ጎን መሳቡና ተሽከርካሪው በነፃ ሲለቀቅ ቶሎ መቆሙ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ምልክቱ የታየበትን ካሊፐር ወዲያው መቀየር ነው። ለዚህም አሮጌ ካሊፐር ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ እንዲመጣ ይታዘዛል። ምንጩ ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ወጪውም ቀኑም ይባክናል፤ ችግሩም ባለበት ይቆያል። ከዚህ ይልቅ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመረጣል።

በመጀመሪያ ተሽከርካሪው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ይታገዳሉ። በክሪክ ከተነሣ በኋላም በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባት አይገባም። ፍሬኑ ተረግጦ ይለቀቅና ጎማው በእጅ ይዞራል። የሚከብደው የፊት ሁለቱም ጎማ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ማስተር ሲሊንደሩ ያዘነብላል፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ወደዚያ ጎማ ካሊፐር ወይም የላስቲክ ቱቦ ያዘነብላል።

ቀጥሎ ጎማው እንደከበደ የካሊፐሩ ማስተንፈሻ ቡሎን በጥቂቱ ይከፈታል። ዘይት ፈንጥቆ ጎማው ከተፈታ በመስመሩ ውስጥ የታሰረ ግፊት ነበር ማለት ነው። ዘይቱ ወጥቶም ጎማው ካልተፈታ ችግሩ ሜካኒካዊ ነው፤ ፒስተኑ፣ ፒኖቹ ወይም ሸራው ተጣብቀዋል።

ግፊት የታሰረ ከሆነ ቡሎኑ ተዘግቶ ፍሬኑ እንደገና ይረገጣል። ከዚያም የብረት ቱቦው ከላስቲክ ቱቦው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ይላላል። ጎማው በዚህ ከተፈታ ግፊቱን የያዘው ከላይ ያለው ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ በፔዳሉና በማስተር ሲሊንደሩ መካከል ያለው ዘንግ ነፃ ክፍተት እንዳለው ይታያል፤ ክፍተቱ ከጠፋ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀዳዳ ተዘግቶ ይቀራል። መጋጠሚያው ላልቶም ጎማው ካልተፈታ ጥፋቱ የላስቲክ ቱቦው ነው። አሮጌ ቱቦ ከውስጥ ሲያብጥ እግር የሚፈጥረው ከፍተኛ ግፊት ዘይቱን ያሳልፈዋል፤ የሚመልሰው ኃይል ግን አነስተኛ በመሆኑ ዘይቱ በቶሎ አይመለስም። ቱቦው ከውጭ ደኅና መስሎ ስለሚታይ በዓይን ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

የተነሡት ሸራዎችም ማስረጃ ይሰጣሉ። ሁለቱ እኩል አልቀው ከተገኙ የግፊት አለመለቀቅን፣ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ካለቀ ወይም በሰያፍ ከተበላ የፒን ወይም የፒስተን መጣበቅን ያመለክታሉ። እንደ አንዳንድ የሃይሉክስና የላንድክሩዘር ሞዴሎች ካሊፐሩ ባለ ብዙ ፒስተንና የማይንሸራተት ከሆነ እያንዳንዱ ፒስተን ለየብቻ መፈተሽ አለበት።

ጥገናው

የተጣበቀ ፒስተን ካሊፐሩ ከዘይት መስመሩ ሳይለይ በፔዳሉ ግፊት ቀስ በቀስ ሊወጣ ይችላል። በአየር መጭመቂያ ማስወጣት ፒስተኑን እንደ ጥይት ሊያስፈነጥር ስለሚችል ጣትን ያስቆርጣል። የወጣው ፒስተን የላይኛው ገጽ ከተቦረቦረ መተካት ይኖርበታል፤ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ልባሱን አንሥቶ አዲስ ዝገት ይጋብዛል። የጎማ ቀለበቱና የአቧራ መከላከያው በአዲስ ይቀየራሉ። ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦይም ከዝገት መጽዳት አለበት፤ በቦዩ ውስጥ የተከማቸ ዝገት አዲሱን ቀለበት እንኳ ፒስተኑን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል።

ለማጽዳት ንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም አልኮል ይበቃል። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ ከማዕድን ዘይት የሚገኙ በመሆናቸው የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣሉ። ፒኖቹን በተራ ግራሶ መቀባት ለጥቂት ሳምንታት መፍትሔ ቢመስልም ያበጠው ጎማ ፒኑን መልሶ ይይዘዋል፤ ለዚህ ለፍሬን የተዘጋጀ የሲሊኮን ግራሶ ይመረጣል። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲገፋ ማስተንፈሻው ተከፍቶ አሮጌው ዘይት ወደ ውጭ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ቆሻሻውን ወደ ማስተር ሲሊንደሩ መመለስ አይገባም። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙ በአፍ ወይም በአየር አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በመጨረሻም ዘይቱ በሙሉ ይቀየራል፤ አየሩም ይወጣል።

አጥብቆ ሊወገዝ የሚገባው አንድ ልማድ አለ፤ መለዋወጫ እስኪገኝ ድረስ የተጣበቀውን ጎማ የዘይት መስመር ደፍኖ መጓዝ ነው። እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ በአንድ የፊት ጎማ ብቻ ሲይዝ ወደዚያ ጎን በኃይል ይስባል። በደረቅ ሜዳ ላይ ሾፌሩ መሪውን ሊቆጣጠር ይችል ይሆናል፤ ቡናና ሰው ጭኖ በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ግን የሚተማመንበት ነገር አይኖረውም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው አልለቅ ያለ ካሊፐር ራሱ መንስኤ ሊሆንም፣ የሌላ ክፍል ጥፋት መገለጫ ሊሆንም ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የአንድ ማስተንፈሻ ቡሎንና የአንድ መጋጠሚያ መላላት ነው፤ ይህም ከተራ ቁልፍ፣ ከክሪክና ከድጋፍ በላይ የሚጠይቀው መሣሪያ የለም። ለአካባቢው ተሽከርካሪዎች ሁለት የመከላከያ እርምጃዎች ተገቢ ይሆናሉ። አንደኛው የፍሬን ዘይቱን ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው። ሁለተኛው ዝናቡ ሲያበቃ፣ የቡና ለቀማውና የጭነቱ ወቅት ከመጠንከሩ በፊት፣ ካሊፐሮቹን አንሥቶ ጭቃውን ማጽዳትና የአቧራ መከላከያ ጎማዎቹን መመልከት ነው። ጋራዦች ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ጥፋቱ ከፒስተን፣ ከፒን፣ ከቱቦ ወይም ከማስተር ሲሊንደር መሆኑን በመዝገብ ቢያሰፍሩ ደግሞ ለቀጣይ ጥናት የሚያገለግል የአካባቢ መረጃ ይገኛል፤ መካኒኩም የትኛውን መለዋወጫ አስቀድሞ ማዘጋጀት እንዳለበት ያውቃል።