ይቅርታ፣ አመክሮና የጦር መሣሪያ አደራ



በጉለሌ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉት መንደሮች ጎረቤት ተመካክሮ የሌሊት ዘበኛ መቅጠሩ የተለመደ ነው። እንግዲህ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ጥሎ የታሰረ አንድ የሰፈር ልጅ ከወህኒ ተፈትቶ ቢመለስና ይህንኑ የዘበኝነት ሥራ ቢጠይቀን ምን እንመልስለት ይሆን? እንጀራ ብንከለክለው ኅሊናችን ይወቅሰናል፤ ጠመንጃ ብናስይዘው ደግሞ የልጆቻችን ነገር ያሳስበናል።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። አንደኛው መፈታት ነው፤ ሁለተኛው መታመን ነው። በዚህ ትምህርት ሁለቱን ለያይተን እንመለከታቸዋለን።

1. ጠያቂ የሌለው መሣሪያ

በ1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በአዲስ አበባ ለየቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጓዶች የጦር መሣሪያ አደለ። ከጠመንጃው ጋር «ነጻ እርምጃ» የተባለውም ሥልጣን ተሰጣቸው፤ ይኸውም ያለ ፍርድ ቤት የመግደል ፈቃድ ነበር። በአራት ኪሎ አካባቢ የቀበሌ ሊቀ መንበር የነበረው ግርማ ከበደ ግፉ ከልክ ስላለፈ በዚያው ዓመት ያስታጠቀው መንግሥት ራሱ በሞት ቀጣው። ቅጣቱ ግን የሞቱትን አልመለሰም፤ ቀይ ሽብርንም አላስቆመም።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። አደጋው የሚመጣው ወህኒ ገብቶ ከወጣ ሰው ብቻ አይደለም። ትናንት አንዳች ወንጀል ያልተገኘበት ሰው እንኳ ጠያቂ የሌለው መሣሪያ በያዘ ጊዜ ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይህ ሰው ታስሮ ያውቃልን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «መሣሪያ ቢይዝ ተቆጣጣሪው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅም ይገባል።

2. ከሞት ፍርድ እስከ አመክሮ

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ባለ ሥልጣኖቹ ታሰሩ፤ ችሎቱም በ1987 ዓ.ም. ተከፈተ። ረጅም ክርክር ከተካሄደ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በበርካታ የሥራ ባልደረቦቹ ላይ የሞት ፍርድ ወሰነ። የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች አባቶች ለእስረኞቹ ምሕረት ለመኑላቸው። ከሟች ቤተሰቦች መካከል ግን ይህን የተቃወሙ ነበሩ፤ ሐዘናቸውም ሊናቅ አይገባም። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ከነርሱ 16ቱ 20 ዓመት ከታሰሩ በኋላ በአመክሮ ተፈቱ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 እንዲህ ያለው በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንዳይታለፍ ያዛል፤ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጥን ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ የወህኒው ደጅ የተከፈተው ወንጀሉ ተሽሮ አይደለም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 እንደሚያስረዳው፣ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ነገር ግን በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ማሳየት፣ ያደረሰውንም ጉዳት እንደ አቅሙ መካስ ይኖርበታል። አመክሮ የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መፈተን ነው። በአመክሮ የወጣ ሰው እንግዲህ ነጻነቱን አግኝቷል፤ ፈተናውን ግን ገና አልጨረሰም።

3. ይቅርታ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በጥይት ያቆሰላቸውን መህሜት አሊ አጃን ከሕመም አልጋቸው ሳይነሡ ይቅር አሉት፤ በ1983 መጨረሻም ወህኒ ድረስ ሄደው አነጋገሩት። እርሱ ግን ከኢጣልያ ወህኒ የወጣው በ2000 ነበር። ከዚያም ቀደም ሲል ስለ ፈጸመው ሌላ ግድያ በአገሩ በቱርክ እስከ 2010 ታስሮ ቆየ። የተበዳዩ ይቅርታ እውነተኛ ነበር፤ ሆኖም የዳኛውን ሥራ አልተካም፤ ሌሎችን ከአደጋ የመጠበቅንም ግዴታ አላስቀረም።

ጥንት የሽፍቶች አለቃ የነበረው ሙሴ ጸሊም በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ በንስሐ ኖረ፤ ማኅበሩም አምኖት እስከ ክህነት አደረሰው። ዘራፊዎች ገዳሙን በወረሩ ጊዜ ግን መሣሪያ አንሥቶ ሊከላከል አልፈቀደም፤ በዚያው ተገደለ። ትልቅ አደራ ሁሉ የመሣሪያ አደራ አለመሆኑን ከእርሱ እንረዳለን።

4. ለጎረቤታችን የምንሰጠው መልስ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይይዝ ይከለክላል። ፈቃድ የሚሰጠውም ሕጉ ሥልጣን የሰጠው አካል እንጂ የሰፈር ዘበኛ የሚቀጥር ጎረቤት አይደለም። ከእኛ የሚጠበቀው ሌላ ነው። ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች መንደር ናት፤ ለተመለሰው ልጅ ከጠመንጃ ይልቅ መወርወሪያ እናስይዘው። በዕድር እንመዝግበው፤ ከበደለው ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ እናስታርቀው፤ ሲታመምም እንጠይቀው። ዓመታት አልፈው መታረሙ በሥራ ቢመሰከርለት እንኳ መሣሪያ ባለመያዙ ከሰውነት ክብሩ የሚጎድልበት የለም፤ ይዞ ቢሳሳት ግን የሚጠፋውን ሕይወት ማንም አይመልሰውም።

በአጭሩ፣ መፈታቱን በደስታ እንቀበል፤ በሥራና በኑሮ ደረጃ በደረጃ እንመነው፤ መሣሪያውን ግን ከእጁ እናርቅ። ይህ በቀል አይደለም፤ እርሱንም እኛንም ከሁለተኛ ጥፋት መጠበቅ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ይቅር በማለትና በማመን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ለ. የሟች ቤተሰብ ሳይካስ የሚደረግ እርቅ ምን ይጎድለዋል?
ሐ. በሰፈራችን ከወህኒ ለሚመለሱ ሰዎች ምን ዓይነት ሥራ ልናዘጋጅ እንችላለን?