የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ እንዴት እናንብብ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ልጆች፣ ዛሬ የምንማረው የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ስለ ማንበብ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ቃለ እግዚአብሔርን ያስተማሩንን አባቶች እንድናስብ፣ የኑሯቸውንም ፍሬ አይተን በእምነት እንድንመስላቸው አዞናል (ዕብ. 13፥7)። ለመምሰል ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

1. ታሪኩን ከመጀመሪያው አንብቡ

ብዙ ልጆች ገድል ሲነበብ ተአምራቱን ብቻ ይሰሙና፣ «እነርሱማ ሲፈጠሩም ቅዱሳን ናቸው፤ እኔ ምን አቅም አለኝ?» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። እስቲ ከራሳችን አገር ሰው እንጀምር።

በከላላና በመካነ ሰላም ያላችሁ ልጆች ጋስጫ ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በቦረና በኩል የሚገኘው ይህ ገዳም የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም ነው። አርጋኖንን፣ ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት ታላቅ ሊቅ እርሳቸው ናቸው። በዓለ ዕረፍታቸውም ሐምሌ 7 ቀን ይከበራል።

ገድላቸው እንደሚነግረን ግን እኒህ ሊቅ በልጅነታቸው ትምህርት አልገባ ብሏቸው ነበር። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወስደው ለመምህር ሰጧቸው። ለዓመታት ቢቀመጡም ትምህርቱ ስላልዘለቃቸው መምህሩ ወደ አባታቸው መለሷቸው። አባታቸው ግን፣ ልጁን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር ሰጥተዋልና መልሰው አልተቀበሉም፤ ባይማር እንኳ ገዳሙን ያገልግል ብለው ላኳቸው። እርሳቸውም እህል እየፈጩ ገዳሙን አገለገሉ፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሱ ለመኑ። እመቤታችንም ጽዋዐ ልቡናን እንዳጠጣቻቸውና ምሥጢር እንደተገለጠላቸው ገድሉ ይናገራል።

ልጆች፣ የወፍጮውን ዘመን ዘለን ድርሰታቸውን ብቻ ብንቆጥር ኖሮ፣ ዳዊት መድገም ያስቸገረው ልጅ ከእርሳቸው ምን ይማር ነበር? ታሪኩን ከመጀመሪያው ያነበበ ግን «አልገባኝም» ማለት «አይገባኝም» ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። ደግሞም ልብ በሉ፤ ጸለዩ እንጂ ሥራቸውን ትተው አልተቀመጡም።

2. ማን እንደጻፈው ጠይቁ

አንዳንዱን ታሪክ ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ለአገራችን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ የአባ እንጦንስን ሕይወት ጽፏል። እንጦንስ ወጣት ሳለ በቤተ ክርስቲያን የተነበበውን ወንጌል ሰምቶ ሀብቱን እንዴት እንደተወ የምናነበው ከዚያ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል። የብዙ ኢትዮጵያውያንን ታሪክ ባጭር ባጭሩ ሰብስበው፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ ይሁን ብለዋል። እነዚያ ልጆች እናንተ ናችሁ።

ሌላው ደግሞ ባለታሪኩ ራሱ የሚጽፈው ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ዓድዋ ዘምተው ጦርነቱን አይተዋል፤ ከዚያም ሩስያ ሄደው ተምረዋል። ይህን ሁሉ በገዛ እጃቸው ጽፈው ትተውልናል። የራስን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያየውን ስለሚናገር ይጠቅመናል። ነገር ግን ማንም ሰው ለራሱ ማድላቱ አይቀርምና፣ ሌሎች ከጻፉት ጋር ማስተያየት መልካም ነው።

3. ያላችሁን ታሪክ ጻፉ

መጽሐፍ ባይኖራችሁ አያታችሁን፣ የንስሐ አባታችሁን፣ ወይም የሰፈራችሁን ሽማግሌ ጠይቁ። ያልተጻፈ ታሪክ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የአባ ጊዮርጊስ ገድል ባይጻፍ ኖሮ ድርሰታቸው ቢተርፈንም በወፍጮ ላይ ያፈሰሱት እንባ አይታወቅም ነበር።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. አባ ጊዮርጊስ ትምህርት ባልገባቸው ጊዜ ምን አደረጉ?
ለ. ሌላ ሰው በጻፈው ታሪክና ባለታሪኩ ራሱ በጻፈው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ሐ. አንድ አረጋዊ በልጅነታቸው የገጠማቸውን ችግርና እንዴት እንዳለፉት ጠይቃችሁ፣ በደብተራችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። በሚቀጥለው እሑድ ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።